የመርከበኛው አልጋ

ጋሽ ከማል ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ቀኝ እግራቸው ታጥቦ ግራው ገና ደረቅ ሳለ፣ ልጃቸው ኢክራም ከግድግዳው ወዲያ በስልክ «እዚያ እንኳ መስኮት ነበረኝ» ስትል ሰሙ። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሽንኩርት ዋጋ የምትናገር ነበር የሚመስለው። ቀጥላም ወንድሟ ቢላል ዛሬ እንደሚገባ፣ እሱን አይታ ነገ በዚሁ ሰዓት ቁርጧን እንደምትናገር፣ እስከዚያው አሠሪዋ ሴትዮ ሌላ ሠራተኛ እንዳትይዝ አደራ አለች። የምታናግራት ኩዌት የቀረች ጓደኛዋን ሀናንን ነው። ጋሽ ከማል ማንቆርቆሪያው በእጃቸው ተዘቅዝቆ ውሃው እጅጌያቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንደተቀመጡ ቀሩ። ከጉና አናት በቀጥታ የወረደ የሚመስለው ያ የማለዳ ውሃ ብብታቸው ሲደርስ ነቁና፣ የታጠበው የትኛው እግር እንደሆነ ስለጠፋቸው እንደገና ከእጃቸው ጀመሩ።

ከመስጊድ ሲመለሱ ኢክራም እንደ ወትሮዋ ግቢውን ጠርጋ፣ ሻዩን አፍልታ፣ የቂጣ ፍርፍሩን አቅርባ፣ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። አባትና ልጅ ተያዩ። እሳቸው ዛሬ ብርዱ ጠንክሯል አሉ፤ እሷም አዎ ጠንክሯል አለች። በዚህ ቤት ነገር በቀጥታ አይጠየቅም። ከኩዌት የተመለሰች ዕለት እንኳ የጠየቋት መንገዱ እንዴት ነበር ብለው ነው፤ ደህና ነበር አለች፤ የስንት ዓመቱ ነገር በዚያው ተዘግቶ ቀረ። ጋሽ ከማል ሻያቸውን ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ስኳሩ ልክ ነበር። ሁልጊዜም ልክ ነው።

ቤቱ ከገበያው ዳር ነው። ከፊት በረንዳና የጨርቅ ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ወዲያ ባልና ሚስት የሚተኙበት ክፍል፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የቢላል ክፍል። ከሁሉም የሚያምረው የቢላል ክፍል ነው፤ ሁለት መስኮት አለው፣ ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ አልጋው የባሕር ዳር ሥራ ነው። ቁልፉም ከባለቤታቸው ከእትዬ አሚና አንገት ወርዶ አያውቅም። ቢላል ባሕር ዳር የመርከብ ትምህርት ተምሮ፣ በባዕድ መርከብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ቤት የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ነው። ክፍሉ ግን ባዶውን ይጠበቃል። በእትዬ አሚና እናት ቤት የነበረ ወግ ነው፤ የመንገደኛ አልጋ እንደተነጠፈ ይቆያል፤ ሌላ ሰው የተኛበት እንደሆነ መንገደኛው እንደወጣ ይቀራል። ሐሙሲት ደርሶ ለሚመለስ ነጋዴ ይህን ያህል የተጠነቀቁ ሰዎች፣ ልጃቸው ውቅያኖስ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ መናገር አያስፈልግም። ኢክራም ከኩዌት የተመለሰችው ደግሞ ቢላል ወደ መርከቡ በሄደ በሳምንቱ ነው። የራሷ አልጋ እሷ በሌለችበት ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ሐሙሲት ሄዶ ነበር። ስለዚህ ለጊዜው ተብሎ ከሱቁ ጎን ባለው መጋዘን፣ በጨርቅ ጣቃዎች መካከል ፍራሽ ተነጠፈላት። ያ ጊዜ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጋሽ ከማል ባሕር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ጣናን አይተዋል፤ እሱንም ከመኪና መስኮት። ይሁንና በደብረ ታቦር ከተማ ስለ መርከበኛ መብት የሚጠየቅ ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው ሌላ አይገኝም። ነገሩ የጀመረው ቢላል መጀመሪያ በሄደበት ዓመት ነው። አባት በስልክ ያበሉሃል ወይ፣ ያስተኙሃል ወይ፣ ብትታመም ማን ያያል እያሉ ሲጨነቁበት፣ ልጅ ሊያሳርፋቸው ብሎ ብዙ አገሮች የተስማሙበት ሕግ መኖሩን አንድ በአንድ ነገራቸው። መርከበኛ በቀንና ሌሊት ውስጥ አሥር ሰዓት ማረፍ አለበት። ምግቡ በባለ መርከቡ ነው። ቢታመም ይታከማል። ውሉን ሲጨርስ አገሩ የሚመለሰው በራሱ ኪስ አይደለም። የተበደለ እንደሆነ ቅሬታ ያቀርባል፤ ቅሬታ አቀረብክ ተብሎ አይቀጣም። የሚተኛበት አልጋ የራሱ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሁለት ሳንቲም ብቻ የጎደለው፣ ወርዱ ሰማንያ። ጋሽ ከማል ይህችን የመጨረሻዋን ከሁሉ አብልጠው ወደዷት፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸውና ሕግ በሜትር ሲነገር ይገባቸዋል። የቀረውንም እንደ ቁርአን ቤት ተማሪ በቃላቸው ያዙት። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሲለኩ ለአንድ ሜትር አንድ መብት ይናገራሉ። በየሜትሩ ጫፍ ደግሞ አውራ ጣታቸውን ጨምረው ይቆርጣሉ፤ ይህች ጣት የአላህ ናት ይላሉ። ለዚህች ጣት ሲል ከስማዳ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ አላቸው።

እንግዲህ ችግሩ መስኮት ነው ማለት ነው፣ አሉ በልባቸው። ደንበኛ ኮቱ ኪስ የለውም ብሎ ካኮረፈ ኪስ ይተከልለታል፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ሕጉም ላይ ስለ ብርሃን አንድ ነገር እንዳለ ትዝ አላቸው። ሱቁን ለእትዬ አሚና ትተው፣ የት እንደሚሄዱም ሳይናገሩ፣ ወደ በያጁ ወደ ዘመኑ ወረዱ።

ዘመኑ የተወለደው ድሮ መድፍ በተሠራበት በጋፋት ስለሆነ ብረት የማላውቅ ብሆን እንኳ ለአገሬ ስም ስል መማር ነበረብኝ የሚል፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ዕድል ሆኖ አንድ የተሠራ መስኮት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተገኘ። ለአንድ የጥበቃ ቤት የታዘዘ ነበር፤ ግን ዘበኛው አንገቱን ማውጣት አልቻለም ተብሎ ተመለሰ። ዘመኑ ሦስት ሺሕ ተኩል አለ። ጋሽ ከማል ዘበኛ ያልወደደው መስኮት በዚህ ዋጋ አይሸጥም አሉ። ዘመኑ ጥፋቱ የዘበኛው አንገት እንጂ የመስኮቱ አይደለም አለ። ብረት ስለ መወደዱ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ዘመኑም ለፋሲካ ስላልገዛው ሱሪ ብዙ ከተባለ በኋላ፣ ግድግዳውን መብሳቱ ተጨምሮበት በሁለት ሺሕ ከአምስት መቶና በአንድ የሱሪ ካኪ ተስማሙ። ዘመኑ መስኮቱ ለማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ለመጋዘኑ ነው» አሉ ጋሽ ከማል። «ጨርቁ ነፋስ ያግኝ ብዬ።»

እንዲህ ለማለት አላሰቡም ነበር። መንገድ ላይ ለምን እንደዋሹ አሰቡ፤ ለልጄ ነው ማለት ምን ነውር አለው?

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና ሲመለሱ በረንዳው ሞልቶ ጠበቃቸው። ከጉና ድንቿን ሸጣ የመጣች ጌጤ የምትባል የቆየች ደንበኛቸው ለትራስ ልብስ የሚሆን አቡጀዲ ትፈልግ ነበር። ጋሽ ከማል ሜትራቸውን አነሡ። በመጀመሪያው ሜትር ምግብ በባለ መርከቡ መሆኑን ነገሯት። በሁለተኛው ቢታመም እንደሚታከም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሥር ሰዓት ያላረፈ ሠራተኛ ከተገኘ መርከቧ ከወደብ ንቅንቅ እንደማትል አበሰሯት። ጌጤ በአድናቆት ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች።

«አያ ከማል፣ ይኼ ሕግ ጉና ድረስ አይወጣም?»

«ጉና ላይ ባሕር የለማ፣ እታለም።»

«እንዲያው ባሕር ከሌለ እንቅልፍም የለም በሉኛ» አለች ጌጤ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል ወደተቀመጠችው ወደ ኢክራም በአገጯ እያመለከተች፣ «ይቺ ልጅስ? በመጣሁ ቁጥር ጎንበስ እንዳለች ነው የማገኛት። እሷም ደረቅ ላይ በመሆኗ ነው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ጋሽ ከማል መቀሱን አቡጀዲው ውስጥ እንዳስገቡ ወደ ልጃቸው አላዩም፤ ልጃቸውም ወደ እሳቸው አላየችም። ሕጉ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር እንዳለ በአሳባቸው ቢያገላብጡ አላገኙም። ጥቂት ቆይቶ መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ። ጌጤ የጨርቋን ጫፍ ስታይ ጭማሪዋ አውራ ጣት ከወትሮው በእጥፍ መጨመሯን አስተዋለችና፣ ነገሩን ሳትመረምር በነጠላዋ ቋጥራ ፈጥና ሄደች።

ዘመኑ መዶሻውን ይዞ ሲመጣ ገበያው ጦፎ ስለነበር ጋሽ ከማል የት እንደሚበሳ አብረው ሊያዩ አልቻሉም። ዘመኑ በራሱ ግድግዳዎቹን አንኳኳ። የኋላው ከጎረቤት ቤት ጋር የተለጠፈ ነው። የግቢው በኩል ሮቶው ተደግፎበታል፤ ቢነካ ውሃው ሁሉ ይፈሳል። የቀረው በበረንዳው በኩል ያለው ብቻ ነው። ዘመኑ ለጨርቅ ነፋስ ከሆነ የትም ቢሆን አንድ ነው ብሎ ጭቃውን መምታት ጀመረ። አቧራው ወጥቶ፣ እትዬ አሚና ተቆጥተው፣ ጣቃዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም መስኮቱ በቦታው ገባ። የዘበኛው መስኮት አሁን ከመጋዘኑ ፍራሽ በላይ ሆኖ፣ በረንዳውን፣ ከበረንዳው ወዲያ የደብረ ታቦርን የቅዳሜ ገበያ ከነበጉ፣ ከነበርበሬው፣ ከነአህያው ያሳያል። ገበያውም በበኩሉ የኢክራምን ትራስ ያያል።

ኢክራም አንሶላዋን ከአቧራ ልታድን ገብታ እያራገፈች ሳለ አንዲት ሴት በመስኮቱ ጭንቅላቷን አስገባች። የዘበኛው አንገት ያልቻለው ነገር ለእሷ ቀላል ነበር። ያ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው አረንጓዴ ሻሽ ስንት ነው ስትል ጠየቀች። ኢክራም የሚሸጥ አይደለም፣ የራሴ ነው አለቻት። ሴትዮዋ ሻጭ ሁሉ ዋጋ ሊያስጨምር ሲፈልግ እንደዚያ እንደሚል ተናግራ ባለችበት ቆመች። ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ ከእሷም ኋላ ሌላ መጣች። ጋሽ ከማል ወዲህ ሱቁ ውስጥ ሆነው፣ በአዲሱ መስኮት በኩል የተሰለፈውን ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ነጋዴ ናቸውና። ወዲያው ግን ከመጋዘኑ የማያውቁት ድምፅ ተሰማ። ኢክራም እየሳቀች ነበር። ፍራሿ ላይ ተቀምጣ፣ አንሶላው ጭኗ ላይ እንደተጠቀለለ፣ በግራ እጇ ሻሿን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ትስቃለች። አባትየው ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቅ የሰሟት መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከሩ። ከዚያ መሳቋ ለምን እንዳስፈራቸው አላወቁም።

በዚህ መሐል ነው ቢላል ትልቅ ሻንጣውን እየጎተተ የደረሰው። ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጥቶ፣ በደጃፉ ላይ የተሰለፉትን ሴቶች ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ ነበር። እትዬ አሚና እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ ከስቷል አሉ፣ ቀጥለው ወፍሯል አሉ። በጉ ከማለዳው ታርዶ ስለነበር ምሳ ወዲያው ቀረበ። ዘመኑም ፀጉሩና ቅንድቡ አቧራ እንደለበሰ እጁን ታጥቦ ክርስቲያን ስለሆነ ከሽሮው ወገን ተቀመጠ። ኢክራም ወጥ እያመላለሰች፣ ውሃ እየቀዳች፣ በየመሐሉም በመስኮቱ ለሚጣሩት መልስ እየሰጠች አልተቀመጠችም።

ጋሽ ከማል ይህን ምሳ ሲጠብቁ ወራት አልፏል። ከሁሉ የሚወዱትን ታሪክ፣ የተቆጣጣሪውን ነገር፣ ለዘመኑ እንዲነግርላቸው ቢላልን ጠየቁት። ቢላልም እየጎረሰ ነገረ። አንድ ወደብ ላይ ሕጉ መከበሩን የሚያየው ተቆጣጣሪ አንድ ቀን ሳይጠበቅ መርከቡ ላይ ወጣ። ካፒቴኑ በትሕትና ተቀብሎ የሠራተኞቹን ማረፊያ ላሳይዎ ብሎ ወደ ላይ፣ ባሕሩ ከሚታይበት ክፍል ወሰደው። ሰውየው አልጋውን እንኳ ሳያይ፣ ይኼን አይደለም፣ ከሁሉ መጨረሻ የሚተኛውን ሰው ክፍል አሳየኝ አለ። ወደ ታች ወረዱ። ኩሽና የሚያጥበው ልጅ ዘንድ ሲደርሱ፣ ሰውየው ካፒቴኑን ከነኮፍያው አስወጣና በሩን ዘጋ። ልጁን ብቻውን ነው የሚጠይቀው። ለልጁ ሌላ ሰው ሊመልስለት አይችልም።

ጋሽ ከማል ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ጭናቸውን መትተው ይስቃሉ። አሁንም መቱ። ዘመኑ አጥብቆ አሰበና፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ፣ «እንዲያ ከሆነ እዚህ ቤት የሚያየው የእኔን መስኮት ነዋ» አለ።

ቢላል እጁን ከትሪው መለሰ። የማን መስኮት ነው፣ ማን ነው እዚያ የሚተኛው ብሎ ጠየቀ። እናቱ ብላ እንጂ አሉት። አባቱ ለጊዜው ነው አሉት። በስልክ ዓመት ሙሉ ኢክራምን ሲያነጋግር የት እንደምትተኛ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም። እህቱን ፈለጋት። ማንኪያዎች ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ቴትሮን አላችሁ ወይ ብሎ ተጣራ።

ጋሽ ከማል ብድግ አሉ። ሲያዩት አነስተኛ ይምሰል እንጂ፣ ያ ፍራሽ መርከብ ላይ ካለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም አሉ። ሜትራቸውን ከሱቁ አነሡና ወደ መጋዘኑ ገቡ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሜትር ሲያምኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ክርክር ሲነሣ ዘርግተው ይለካሉ፣ ነገሩ ያልቃል። አንዱን ሜትር ከትራሱ ጀምረው አስተኙት። ጫፉ ላይ፣ ከልማድ፣ አውራ ጣታቸውን ጨመሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ሜትር ሊያስተኙ ሲሉ ጫፉ ከካኪ ጣቃ ጋር ተጋጨ። ጣቃውን በእግራቸው ገፉት፤ ከኋላው ሌላ ነበር፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። ሜትሩ እምቢ ብሎ እንደ በትር ተገትሮ ቀረ። ፍራሹ እዚያ ቦታ ላይ ታጥፎ ጣቃው ላይ ወጥቷል፤ የታጠፈበትም መስመር እንደ ሱሪ ተኩስ ጠንቶ ታየ። ሌላ አውራ ጣት ጨመሩ። ከዚያ ሌላ። ጣታቸው አልቆ መሬት ላይ ሲቀር ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። የልጃቸው ቁመት የሚደርሰው ከእናቷ አናት በላይ ነው።

«ሁላችሁም ውጡልኝ» አሉ።

እትዬ አሚና አንድ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ቢላል ትከሻቸውን ይዞ አወጣቸው። በሩ መዝጊያ ስለሌለው ጋሽ ከማል ካኪውን አንከባልለው ደገፉት፤ የዘመኑንም መስኮት ዘጉ። ጣቃ ላይ ተቀመጡና ሜትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ኢክራም ማንኪያዎቹን እንደያዘች ነበረች።

«ትተኛለሽ?» አሏት።

ቀልድ መሆኑን ልታረጋግጥ አየቻቸው። አልነበረም።

«እተኛለሁ። አንድ ሰው ጨርቅ እስኪፈልግ።»

መስኮት ያልሽው ጊዜ ሰምቼሻለሁ አሏት። ገባት፤ ለምን ግድግዳው እንደተበሳም ያኔ ገባትና ከንፈሯን ነከሰች።

«አባ፣ መስኮት ነበረኝ አልኩ እንጂ መስኮት አማረኝ መቼ አልኩ? እዚያ መስኮት ነበረኝ፤ በሩ ግን የሚቆለፈው ከውጭ ነበር። እዚህ ደግሞ ጭራሽ በር የለም። እኔ የምፈልገው ከውስጥ የሚዘጋ በር ነው። ዘግቼ ልተኛ፤ ሲበቃኝ ልነሣ።»

ጋሽ ከማል ሜትሩን አገላበጡት። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም፣ በሕጉ እኮ ቅሬታ ያቀረበ ሰው አይቀጣም ሊሏት አሰቡ፤ ግማሹን ተናገሩት።

«ሕጉንማ አውቀዋለሁ» አለች ኢክራም። «በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ስሰማው ነው የከረምኩ። ለአንድ ሜትር አንድ።»

ከዚያ በኋላ ልትሄጂ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምሮ ይዘውት ነበር፣ ሲወጣ ግን የሳል ያህል ብቻ ነበር። አላውቅም፣ ለሀናን ነገ እነግርሻለሁ ብያታለሁ አለች። አትሂጂ አላሏትም። ያለ በር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አትሂጂ ማለት እንዴት እንደሚጀመር አያውቁም ነበር።

ወጥተው ቁልፉን ከእትዬ አሚና ጠየቁ። እትዬ አሚና ክሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጨካኝ ሆነው አልነበረም፤ አልጋው ስለተጠበቀ ነው ልጄ የተመለሰው፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ይሄዳል፣ ያኔ ምን ይጠብቀዋል ብለው ነው። ኢክራም በተለመደው በሽንኩርት ዋጋ ድምፅዋ፣ የእኔ አልጋ ሐሙሲት ሄዶ ነበር፣ ሆኖም ይኸው ተመልሻለሁ አለች። እትዬ አሚና ይህን ለማፍረስ ጥቂት ሲያስቡ ቆዩና፣ ወጉ ለእግረኛና ለባሕር ነው፣ አውሮፕላን የሚባል ነገር በእናቴ ዘመን አልነበረም አሉ። ይህን ሲናገሩ የራሳቸው ድምፅ ደስ አላላቸውም፤ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

መላ የዘየደው ቢላል ነው። እናቴ፣ አልጋዬ ይጠበቅ፣ ግን መጋዘኑ ውስጥ ይጠበቅ አለ፤ ወጉ ስለ አልጋ እንጂ ስለ ክፍል አያወራም። መጋዘኑ ከካቢኔ ምን አነሰው፣ እንዲያውም መስኮት አለው። እትዬ አሚና ተከራክረው የማያሸንፉት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ክሩን ራሳቸው ከአንገታቸው አወለቁ፤ ለባላቸው ሳይሆን ለኢክራም ሰጡ። እጃቸው እጇ ላይ ትንሽ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሌላ ወሬ አልነበረውም። የባሕር ዳሩ አልጋ መጋዘኑ ውስጥ እንዲገባ ጣቃዎቹ ሁሉ መውጣት ነበረባቸውና፣ ካኪው ሳሎን ገባ፣ ቴትሮኑ ሶፋው ላይ ተከመረ፣ አቡጀዲው ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። ሊገዛ የመጣ ሰው በሳሎኑ እየተዘዋወረ መረጠ። ዘመኑ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄዶ አንድ መቀርቀሪያ አምጥቶ አሁን የኢክራም በሆነው ክፍል በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ተከለ። ዋጋውን ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ ሳለና፣ የሱሪው ካኪ ላይ ጋሽ ከማል ሁለት አውራ ጣት ይጨምሩልኝ አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ ኢክራም ፍራሿን አስገባች፣ አረንጓዴ ሻሿን ሰቀለች፣ በሩንም ዘጋች። መቀርቀሪያው ሲገባ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ሳሎን ጣቃ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት።

በማግሥቱ ጋሽ ከማል ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ሲወጡ የስልክ ጩኸት ከመጋዘኑ ሰሙ። ኢክራም ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ እዚያው ረስታዋለች። ቢላል ከጎኑ ተኝቷል፤ በመርከብ ሞተር ላይ መተኛት የለመደ ሰው ስልክ አይቀሰቅሰውም። አባትየው በበረንዳው በኩል ዞረው፣ በዘበኛው መስኮት እጃቸውን ሰደው፣ ጎትተው አወጡት። ሀናን ናት። ኢክራም የታለች፣ ሴትዮዋ ዛሬ መልስ ትፈልጋለች አለች። ጋሽ ከማል አፋቸውን ከፈቱ። አትመጣም ማለት ቀላል ነበር፤ ከአምስት ፊደል አይበልጥም። ወደ ተዘጋው በር አዩ።

«ተኝታለች» አሉ። «የዕረፍት ሰዓቷ ነው።»

ሀናን ታዲያ መምጣቷ ነው ወይስ መቅረቷ ብላ ጠየቀች።

«ለእሷ ሌላ ሰው አይመልስም፣ ልጄ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ስትነሣ ትደውልልሻለች።»

ከመስጊድ ሲመለሱ እትዬ አሚና ወጥ ቤት ውስጥ ጣሳ እያንኳኩ ነበር። ሻዩ ፈልቷል፣ ስኳሩ ግን ጠፍቷል። ጋሽ ከማልም ፈለጉ፤ በቤታቸው ስኳር የሚቀመጥበትን ቦታ እንደማያውቁ ያን ዕለት አወቁ። ቀስ በይ፣ አሥር ሰዓቷ አልሞላም እያሉ በጣታቸው ጫፍ ተራመዱ። ባልና ሚስት ቴትሮኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መራራውን ሻይ ፉት አሉ። ፀሐይ ወጣች፤ የደጃፉ ደንበኛ መጣ፤ ጋሽ ከማል ወጥተው በሹክሹክታ መለኩለት፤ ደንበኛውም ምክንያቱን ሳያውቅ በሹክሹክታ ከፈለ።

አርፍዶ ከበሩ ወዲያ የእንቅልፍ ድምፅ ተሰማ፤ ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሰሙት።

«አባ፣ ሀናን ደወለች?»

«ደውላ ነበር።»

«ምን አሏት?»

«ተኝታለች አልኳት።»

አልጋ የሌለው ፍራሽ ሲገላበጥ ይሰማል። ጋሽ ከማል ሜትራቸውን ጨብጠው ጠበቁ።

«እንግዲህ መልሰው ይደውሉላትና ሌላ ሰው ፈልጊ ይበሉልኝ» አለች ኢክራም። «ስኳሩ ከምስሩ ጣሳ ኋላ ነው። አሁን አትቀስቅሱኝ።»